ዱቄቱ ከገበታው ሥር

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በሚገኝ አንድ የዞን ሙዚየም የቅርስ መዝጋቢ ነኝ። ሥራውን ከያዝኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ በሙያው የሚያማክረኝ ሰው ግን በአጠገቤ የለም። ባለፈው ወር የአንድ ብራና መጽሐፍ ገበታ (የእንጨት ሽፋኑ) ተበሳስቶ፣ ከሥሩም ዱቄት ፈስሶ አገኘሁት። ፎቶግራፍ አንስቼ በስልኬ ለማገኛቸው የሙያ ባልደረቦች ላክሁ። አንዱ «የበረሮ መድኃኒት እርጭበት» አለኝ፤ ሌላው «ፀሐይ ላይ አስጣው» አለኝ። ኃላፊዬ ደግሞ ፎቶግራፍ መላኬን ሲሰሙ «ለሌባ መንገድ እያሳየህ ነው» ብለው ተቆጡኝ። ማንን ልስማ? ከእንግዲህስ መጠየቄን ልተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መድኃኒቱን አትርጭ። ፈሳሹ ብራናውንና ቀለሙን ሊያበላሽ ይችላል፤ እንጨቱ ውስጥ የተሸሸገው ትል ጋ መድረሱ ግን አጠራጣሪ ነው። ፀሐይም ብራናን ያኮማትራል። ዛሬ ማታ ገበታውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገህ መጽሐፉን ጥቁር ወረቀት ላይ አስተኛው። ከዚያ በኋላ አታንቀሳቅሰው፤ ሲነቃነቅ የድሮው ዱቄት ይረግፍና ያሳስትሃል። በየጠዋቱ እያየህ ቀኑን መዝግብ። ሳይነካ አዲስ፣ ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ ነፍሳቱ በሕይወት አለ ማለት ነው። እስኪለይለት ድረስ መጽሐፉ ከሌሎቹ ቅርሶች ርቆ ለብቻው ይቀመጥ።

መጠየቅህን ግን አትተው። እኔ ራሴ የዳንሁት በመጠየቅ ነው። ብዙ ዓመት ይሆነዋል፤ በምሠራበት ዕቃ ቤት አንድ የቆዳ ጋሻ ነጭ ነገር ለብሶ አገኘሁት። ሻጋታ ነው ብዬ በአልኮል ላብሰው ጥጡን በእጄ ይዤ ነበር። አንዲት የናይሮቢ ባልደረባዬ የላክሁላትን ፎቶግራፍ አይታ «ቀስ ብለሽ አሙቂው፤ ይቀልጣል?» ስትል ጻፈችልኝ። የፀጉር ማድረቂያ ከሩቅ ይዤ አንዲት ጥግ ላይ ሞከርሁ፤ ነጩ ነገር ዓይኔ እያየ ቀልጦ ቆዳው ውስጥ ገባ። ሻጋታ አልነበረም። ቆዳው ሲለፋ የጠጣው ስብ ከጊዜ ብዛት ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ሻጋታ ቢሆን ኖሮ አይቀልጥም ነበር። የዚያች ሴት አንድ ጥያቄ ጋሻውን ከእጄ አዳነችው።

ልብ በል፤ መድኃኒት አላዘዘችልኝም፣ መልሳ ጠየቀችኝ። አንተም ምክር ሰጪን በዚህ መዝነው። ስለ ቁሱ፣ ስለ ክፍሉ እርጥበት፣ ጉዳቱ መቼ እንደታየ ሳይጠይቅ «ይህን እርጭ» የሚል ሰው፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ አትስማው። ያንተም ጥያቄ የሚያስመልስ ይሁን። ሦስት ፎቶግራፍ በቀን ብርሃን አንሳ፤ መላውን፣ ጉዳቱን በቅርብ ከማስመሪያ ጋር፣ ዱቄቱንም እንዲሁ። ማስመሪያ በሌለበት ፎቶግራፍ ላይ ቀዳዳው የመርፌ ይሁን የእርሳስ ማንም አይለየውም።

ሰው እስኪመልስልህ ደግሞ በኢንተርኔት በነጻ የተቀመጡ ጽሑፎች አሉልህ። የካናዳ የቅርስ እንክብካቤ ተቋም አጫጭር ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ስለ አንድ ነገር ብቻ የሚናገሩ ናቸው፤ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ይገኛሉ። ዕቃ ቤትህ ተጨናንቆ መግቢያ ካጣህ መቀመጫው ሮም የሆነው ዓለም አቀፉ የቅርስ ጥበቃ ማዕከል ኢክሮም ከዩኔስኮ ጋር ያዘጋጀው «ሪ ኦርግ» የተባለ ዘዴ አለ፤ የታሰበውም እንዳንተ ላሉ ትናንሽ ሙዚየሞች ነው። ስለ ብራናው ይዘት ከሆነ በአሜሪካ ወደሚገኘው የሚኒሶታው ሂል ሙዚየምና የእጅ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ስብስብ ግባ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት የደከሙበት፣ በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ እዚያ ይገኛል። በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ናቸው፤ የአንተን መጽሐፍ ወንድም እዚያ ልታገኘው ትችላለህ። ቢያንስ ቅጠል ጎድሎ እንደሆነ ለማነጻጸር ይረዳሃል።

ወደ ኃላፊህ ስጋት ልመለስ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለምና በአክብሮት መልስላቸው። ሌባን የሚረዳው ግን ቅርሱ ያለበት ቦታ መታወቁ ነው፤ የቅርሱ መልክ መታወቁ ሌባን ያስቸግረዋል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተሰርቆ በ2001 ከቤልጂየም ተመልሷል። ሁሉም የሚያውቀውን መስቀል ሌላ ነው ብሎ መሸጥ እንዴት ይቻላል? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ፎቶግራፍ ሳይኖራቸው የጠፉት መስቀሎች ናቸው፤ ገበያ ላይ ቢወጡ እንኳ «የእኛ ነው» የምንልበት ማስረጃ የለንም። በ1997 ይፋ የሆነው «ኦብጀክት አይዲ» የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ መግለጫ ዓይነቱን፣ ልኩን፣ የተሠራበትን ነገር፣ ጽሑፉንና ልዩ ምልክቱን ይጠይቃል፤ የተቀመጠበትን ቦታ አይጠይቅም። ይህን ለኃላፊህ አሳያቸው። ስልክህ ፎቶግራፍ ሲያነሳ ቦታውን አብሮ የሚመዘግብ ከሆነም አጥፋው። በር፣ መስኮት፣ መደርደሪያ አብሮ አይታይ፤ ከኋላ ግራጫ ጨርቅ ጋርድ።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ። ምክር ተቀብሎ ድምፁን የሚያጠፋ ሰው ያሳዝነኛል። ብራናው ምን ሆነ? ዱቄቱ ቆመ ወይስ ቀጠለ? ያልተሳካልህንም ጭምር ለመከሩህ ሁሉ ጻፍላቸው። በሌላ ዞን አንዲት መዝጋቢ ያንኑ ዱቄት እያየች ይሆናል፤ እሷም መድኃኒቱን በእጇ ይዛ ይሆናል።

ቀዳዳዎቹን ቁጠርና ስፋታቸውን በሚሊሜትር ለካ። የ14 ቀን መዝገብህን ከሦስቱ ፎቶግራፎች ጋር ላክልኝ። እስከዚያ መጽሐፉን የሚገልጥ እንግዳ ቢመጣ፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ «ታሞ ተኝቷል» በለው።