ጋሼን ጠይቁ፦ «ካልኩለሱ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ቀረሁ»

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የቢቸና ልጅ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፌ በተፈጥሮ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ። ጥሪ እስኪደረግ ሁለት ወር ገደማ አለኝ። እውነቱን ልንገርዎትና ያሳለፉኝ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ናቸው። ሒሳቡን ቸክዬ ነው የተፈተንኩት። ፎርሙላውን አውቀዋለሁ፣ ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም። በመሃል ትምህርት ተቋርጦ ቤት የተቀመጥንበት ጊዜ ነበር። ስንመለስ ምዕራፍ እየዘለልን ነው የጨረስነው። ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ «ቀድመሽ ተዘጋጂ» ብሎ የካልኩለስ መጽሐፍ ላከልኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አልወጣሁም። ኔትወርክ አንድ ቀን አለ፣ ሦስት ቀን የለም። ከየት ልጀምር? ደግሞስ ሒሳብ ለእኔ የሚሆን ነገር ነው?

መልስ፦

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። እንኳን ደስ ያለሽ። መጀመሪያ ያንን የካልኩለስ መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልለሽ ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው። ወንድምሽ ቢቆጣ እኔ አዘዝኩ በይው።

ቤት ውስጥ 7ኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለ? ከሌለ ከጎረቤት አይጠፋም። የሒሳብ መጽሐፉን ተዋሺ። «12ኛ ክፍል ጨርሼ?» እንደምትይ አውቃለሁ። ሰው እንዳያይሽ ከፈራሽ ጋዜጣ ሸፍኚበት።

ደብረ ማርቆስ ላይ 31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ካልኩለስ ላይ የወደቀ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። የአብዛኞቹን ወረቀት ሳገላብጥ ግን ካልኩለሱ ላይ የተሳሳቱት ጥቂት ነበር። የጣላቸው ክፍልፋይ ነው። የመቀነስ ምልክት ነው። ቅንፍ መፍታት ነው። ቀዳዳው ካሰቡት ቦታ አራት ክፍል ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ራሴም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያው ፈተና ሲመለስልኝ 11 ከ30 አገኘሁ። ያን ማታ ከዶርም አልወጣሁም። አንዱ መስመር ላይ የ«ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 9» ስኩዌር ሩት «ኤክስ ሲደመር 3» ነው ብዬ ጽፌያለሁ። መምህሩ የስህተት ምልክት አላደረጉበትም። በቀይ እስክሪብቶ «ኤክስን 4 አድርገህ ሞክር» ብቻ ብለው አለፉ። ሞከርኩ። 16 ሲደመር 9፣ 25። የ25 ስኩዌር ሩት 5። በእኔ መንገድ ደግሞ 4 ሲደመር 3፣ 7። 5 እና 7! ስንት ዓመት በዚያ ሕግ ስሠራ ኖሬ አንድ ቀን ቁጥር አስገብቼ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ ይኸው ነው፣ ላንቺም የምሰጥሽ ይኸንኑ ነው። አንድ ሕግ ስታነቢ ቁጥር አስገቢና ሞክሪው። በቁጥር ያልፈተንሽው ሕግ ያንቺ አይደለም፣ የቸከልሽው ነው። እርግጥ አንድ ቁጥር ሠራ ማለት ሕጉ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። አንድ ቁጥር እምቢ ካለ ግን ሕጉ ወደቀ። ውሸቱን ለመያዝ አንዱ ይበቃል።

ክፍልፋይን እንይ። ግማሽ ሲደመር ሲሶ ስንት ነው? ብዙ ልጅ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» ይለኛል። እሺ፣ አባትሽ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጎተራ አስገቡ እንበል፣ 50 ኪሎ። አጎትሽ ሲሶ ኩንታል ጨመሩበት፣ 33 ኪሎ ከምናምን። የኩንታል ሁለት አምስተኛ ደግሞ 40 ኪሎ ነው። ጤፍ ተጨምሮበት ከ50 ወደ 40 ወረደ? አይጥ ካልገባበት በቀር አይሆንም። ትክክለኛው አምስት ስድስተኛ ነው፣ 83 ኪሎ ከምናምን። የእኩልና የሲሶ አራሽ የዚህን ሒሳብ አውድማ ላይ አይሳሳትም። እኛ ወረቀት ላይ ስናየው ነው ዓይናችን የሚጠፋው።

ይኼ የ7ኛ ክፍል ጨዋታ እንዳይመስልሽ። አንድ ለኤክስ ሲደመር፣ አንድ ለ«ኤክስ ሲደመር 1» የሚል ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በየገጹ ይመጣል። ሥራው ያው የጤፉ ነው፣ ታቹን አንድ ማድረግ። ግማሽና ሲሶ ላይ የተሰናከለ ሰው እዚያ ሲደርስ መምህሩ ስለ ሊሚት ያወራሉ፣ እሱ ገና ታቹን ይፈልጋል።

እስኪ ዛሬ ማታ ራስሽን ፈትኚ። ቅንፍ ሳይኖር ነጌቲቭ 3 ስኩዌር ስንት ነው? ነጌቲቩ ቅንፍ ውስጥ ሲገባስ? አንደኛው ነጌቲቭ 9፣ ሁለተኛው 9 ነው። ለምን እንደሚለያዩ ለታናሽሽ አስረጂ። ነጌቲቭ 2 ኤክስ ከ6 ያንሳል ቢባል፣ ኤክስ ከስንት ይበልጣል? ከነጌቲቭ 3። ምልክቱ ለምን ተገለበጠ? መልሱን አግኝተሽ «ለምን» ሲባል ዝም ካልሽ፣ መነሻሽ የ7ኛ ክፍሉ መጽሐፍ ነው። ዝም ካላልሽ 9ኛ ክፍል ጀምሪ።

የቅኔ ተማሪን አይተሽ ታውቂያለሽ። ጎጃም ተወልዶ የማያይ የለም። የመጀመሪያውን የቅኔ ዓይነት፣ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃናን፣ መቁጠር (ማውጣት) ያልቻለውን ተማሪ ሦስት ቤት ዘአምላኪየ የሚያሻግር መምህር ዋሸራም ሆነ ሌላ ቦታ የለም። መወድስማ ስምንት ቤት ነው፣ ገና ሩቅ ነው። ጉባኤ ቃና ላይ ሲከርም ደግሞ ማንም «ይኼ ልጅ ቅኔ አይሆነውም» አይለውም። ገና ነው ይባላል፣ በቃ። «ለእኔ የሚሆን ነገር ነው?» ላልሽኝ መልሴ ይኸው ነው። አንቺን ጉባኤ ቃናውን ሳትቆጥሪ መወድስ ላይ ነው የጣሉሽ።

ጊዜው ይበቃል ወይ? ሁለት ወር ብዙ ነው። ጠዋት ጭንቅላትሽ ሳይደክም አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ የጠዋቱን ለመድገም ግማሽ ሰዓት። የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ለክፍልፋይ፣ ለነጌቲቭ ቁጥር፣ ለሬሾና ለፓወር ስጪ። ከዚያ ወደ 9ኛና 10ኛ ክፍል እለፊና ኢኩዌሽን፣ ፋክተር ማድረግ፣ ግራፍ መሳል። የተረፈሽ ቀን ለፋንክሽን፣ ለሎጋሪዝምና ለትሪጎኖሜትሪ ይሁን። አንዱ ቢጎትትሽ ይጎትትሽ፣ አትዝለዪ። መልሱን ከጀርባ ገጽ አይተሽ «ገባኝ» ማለት አይቆጠርም። ደብተሩን ዘግተሽ ከባዶ ወረቀት ሥሪው። ኔትወርክ በመጣ ቀን የካን አካዳሚን ትምህርት በነጻ ማየት ትችያለሽ፣ ግን እሱን ስትጠብቂ ቀኑ አይለፍብሽ።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ፍሬሽማን ላይ የሚሰጥሽ የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ እንደፈራሽው በካልኩለስ አይጀምርም። በሎጂክና በስብስብ (ሴት በሚባለው) ነው የሚጀምረው። ከዚያ ሪያልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፋንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ። ካልኩለሱ ከእነዚህ በኋላ ነው። ሎጂኩን እዚሁ እንቅመሰው። «ሰውዬው ደጀን ካለ፣ ጎጃም ነው ያለው።» እውነት ነው። ገልብጪው፦ «ጎጃም ካለ፣ ደጀን ነው ያለው።» ውሸት፣ ቡሬ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም አፍርሰሽ ገልብጪው፦ «ጎጃም ከሌለ፣ ደጀን የለም።» እንደገና እውነት። የሎጂኩ ምዕራፍ ሩቡ ይኼ ነው ብልሽ አላጋነንኩም። ተማሪ የሚወድቀው ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ሲያምን ነው።

እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው ስላልሽ አንድ ነገር ብቻ። «አት ሊስት 5» ሲባል 5ም ይገባል፣ ከዚያ በላይም። «ሊስት» የሚለውን ሲያዩ «ያንሳል» ብለው ምልክቱን የሚያዞሩ ጎበዝ ልጆች አሉ። እንዲህ ያሉ ቃላትን ትንሽ ደብተር ላይ ከነአማርኛቸው ሰብስቢ።

አሁን የቤት ሥራሽ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣባቸውን ሁለት ቁጥሮች፣ የዓመቱን አበቅቴና መጥቅዕ፣ ግን በቃላቸው ያወጡ ነበር። የ2017ን እንውሰድ። ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ሲጨመርበት 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። ከእሱ 1 ሲቀነስ 11፣ ይኼ ወንበር ይባላል። ወንበርን በ11 አባዝተሽ ለ30 ስታካፍዪ የሚተርፈው አበቅቴ ነው፦ 121፣ ትርፉ 1። በ19 አባዝተሽ ለ30 ስታካፍዪ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው፦ 209፣ ትርፉ 29። 1 እና 29፣ 30።

የ2018ን አንቺ ሥሪና ላኪልኝ። ድምሩ 30 ካልመጣ ፖስታውን ሳታሽጊ መልሰሽ እዪው። ከሥሩ ደግሞ ለምን 30 እንደሚመጣ በአንድ መስመር ጻፊልኝ። ፍንጩ የተባዛንባቸው ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው፣ ቅንፍ መፍታት የሚችል ሰው አያጣውም።