የጠቆረ ሶኬት ከመቀየርሽ በፊት ከኋላው ያለውን ሽቦ እዪ

እህቴ፣ የኩሽናሽ ሶኬት በአንድ በኩል ጠቁሮ የተቃጠለ ላስቲክ እንደሚሸት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ደግሞ በእርጥብ እጅ ሲነካ እንደሚነዝር ጽፈሻል። «ጠንከር ያለ ሶኬት ገዝቼ ባስቀይር ይበቃል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ እንጀራዬ ነው፤ እንዲህ የሆነ ሶኬት ብዙ ፈትቻለሁ። ባጭሩ፣ አይበቃም። እስኪታይ ድረስ ሁለቱንም ባትጠቀሚባቸው ይሻላል።

በአንድ በኩል ብቻ መጥቆሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል የታሰረው ሽቦ ላልቷል፣ ወይም ፒኑን ቆንጥጦ የሚይዘው ብረት ሰፍቷል። የላላ ነገር ይሞቃል። ሙቀቱ ይበልጥ ያላላዋል፣ መዳቡንም ያጠቁረዋል። የጠቆረ መዳብ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ከበፊቱ የባሰ ይሞቃል። ብሬከሩ ይህን አያውቅም። የሚያልፈው አምፔር ከልኩ እስካልበለጠ ድረስ ፕላስቲኩ ቢቀልጥም ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሶኬቱ ሲፈታ ሽቦውን ልብ ብለሽ እዪው። የተቃጠለ ከሆነ ላስቲኩ ጫፉ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። መዳቡም ቀይነቱ ጠፍቶ ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። አዲሱን ሶኬት እዚያው ላይ ካሰሩት ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ንጹህ መዳብና ለስላሳ ላስቲክ እስኪገኝ ድረስ መቆረጥ አለበት። ከተቆረጠ በኋላ ካጠረም በግድ ተወጥሮ አይታሰር፤ አዲስ ሽቦ ይሳብ።

ጭነቱንም አስቢ። በብዙ ቤት ያለው ሶኬት 16 አምፔር ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ 3,520 ዋት ይሆናል። የውሃ ማፍያ ብቻውን 2,000 ዋት ገደማ ይወስዳል። ማጠቢያ ማሽንም ውሃ ሲያሞቅ እንደዚያው ነው፤ ብዙ የሚበላው ልብሱን ሲያሽከረክር አይደለም። ሁለቱ በአንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ 18 አምፔር አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ለማሽኑ ከብሬከሩ ጀምሮ የራሱ መስመር ቢወጣለት ጥሩ ነው። ሽቦው ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ይሁን። ለመብራት የተሳበ 1.5 ሽቦ ላይ የማሽን ሶኬት የሚያስር ሰው ካጋጠመሽ አስቁሚው።

«ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረ» ተብሎ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ተነስቶ በ32 የተተካበት ቤት ደግሞ በጣም ያስፈራኛል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። 2.5 ሽቦ ላይ 32 ካስገባሽ ቀድሞ የሚነድደው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

አሁን ወደ ንዝረቱ። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች መግቢያቸው ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣራ ዕቃ አላቸው፤ እሱም ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ግራውንዱ፣ ማለትም ወደ መሬት ወደሚወስደው ሽቦ ይለቃል። ሶኬቱ ግራውንድ ከሌለው ያ ኤሌክትሪክ መሄጃ አጥቶ ቆርቆሮው ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል ማሽኑ ውስጥ ያለው የውሃ ማሞቂያ ከተበላሸም እንዲሁ ያነዝራል፤ እሱ ደግሞ ይገድላል። ሁለቱን በእጅ ነክቶ መለየት አይቻልም፤ በመሣሪያ ይለካ።

አንዳንድ ሠራተኛ ግራውንድ ሲያጣ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከግራውንዱ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ይሄዳል። ንዝረቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይሸኘዋል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከተበጠሰ ግን የማሽኑ ገላ ሙሉ 220 ቮልት ይዞ ይጠብቃል። እባክሽ ይህን እንዳትቀበዪ። ትክክለኛው መንገድ ግራውንዱን ከዋናው ሳጥን ድረስ መሳብ ነው። አርሲዲ የሚባለውን፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጠውን ብሬከርም አስገቢ።

ሥራው ሲሠራ ዋናው ብሬከር ይውረድ። ቴስተሩ መጀመሪያ መብራት እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ይሞከር፤ የተበላሸ ቴስተር «የለም» ሊል ይችላል። በቀለም ብቻ አትመኑ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ሰማያዊው ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው ሽቦ ሆኖ አግኝቻለሁ። እያንዳንዱ ሽቦ ከታሰረ በኋላ ሳብ ተደርጎ ይፈተን። ሶኬቱም ውሃ ከሚረጭበትና ከምድጃው ጀርባ ይራቅ።

የዕቃውን ፕላግም እዪ። ፒኑ ጠቁሮ ወይም ተልጦ ከሆነ እሱም አብሮ ይቀየር፤ አለበለዚያ አዲሱን ሶኬት ያቃጥለዋል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ውሃ ማፍያውን ብቻውን ሰክተሽ ደጋግመሽ አፍይበትና የሶኬቱን ሽፋን ዳብሺው። ለብ ማለቱ ችግር የለውም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ንቀዪና ሠራተኛውን መልሰሽ ጥሪው።