በቀኝ በር ይበራል፣ በግራ በር እምቢ ይላል

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአባቴ የነበረች፣ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ቮልስ 1300 አለችኝ። ባለ 12 ቮልት ናት። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ነው የምታድረው። ባለፈው ዓመት ሙሉ ቀለም አስቀባኋት። ከዚያ ወዲህ የውስጥ መብራቷ አስቸገረኝ። የሾፌሩን በር ስከፍት አይበራም። የቀኙን ስከፍት ይበራል። ማታ ኮረኮንች ላይ ስነዳ ደግሞ ሁለቱም በር ተዘግቶ እያለ በራሱ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለት ጊዜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አቁሜያት ሰኞ ጠዋት ባትሪዋ ሞቶ ጠበቀኝ። አንድ ኤሌክትሪሺያን አይቶ «መስመሩ አርጅቷል፣ ከፊውዝ ሳጥኑ ጀምሮ ሽቦው በሙሉ ይቀየር» አለኝ። እስከዚያው ብሎ ፊውዙ ላይ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቀለለበት። ባትሪውንም ቀይሬያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

የቮልስ ልጅ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ልጄ፣ ሽቦ እንዳታስቀይሪ። አንድም ሜትር።

መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። «የቀኙን ስከፍት ይበራል» ብለሻል። ይቺ አንዲት መስመር የግማሽ ቀን ሥራ ታስቀራለች። በቀኝ በር ከበራ አምፑሉ ደህና ነው። በፊውዙ ቦታ፣ በወረቀትም ቢሆን፣ ኃይል ያልፋል። ከባትሪው እስከ ጣሪያ የሚሄደው ሽቦም ደህና ነው። እነዚህ ለሁለቱም በር የጋራ ናቸው፤ አንዱ ቢበላሽ በየትኛውም በር አይበራም ነበር። የሚቀረው የግራው በር ለብቻው ያለው ነገር ነው። እሱም የበሩ ስዊችና ከስዊቹ ወደ መብራቱ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ነው። ሰውዬው በደንብ ቢጠይቅሽ ኖሮ ካቻቪቴ ሳያነሳ እዚህ ይደርስ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የት እንደሆነ ልንገርሽ። ቤት ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን ነው። በቮልስ የውስጥ መብራት ግን ነገሩ ተገልብጧል። ፖዘቲቩ፣ ቁልፍ ገባም ወጣም፣ ሁሌ መብራቱ ጋ ቆሞ ይጠብቃል። የበሩ ስዊች የሚሰጠውም የሚከለክለውም ማሳን ነው። ማሳ (አንዳንዱ ቦዲ ይለዋል) የመኪናዋ ብረት ራሱ ነው። በሩ ሲከፈት የስዊቹ ጣት ወደ ውጭ ትወጣለች፣ ሽቦው ከብረቱ ጋር ይገናኛል፣ መብራቱ ይበራል። በሩ ሲዘጋ ጣቷ ትጫናለች፣ ግንኙነቱ ይቋረጣል። በቃ ይኸው ነው።

ታዲያ ስዊቹ ራሱ ከብረቱ ጋር የሚገናኘው በምንድን ነው? በአንዲት ብሎን። ሌላ ነገር የለውም።

አሁን ቀለም ወዳስቀባሽበት ቀን እንመለስ። ጥሩ ቀቢ ስዊቹን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን ስቱኮ አድርጎ፣ አሸቶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይረጨዋል። ሥራው ያምራል፣ እጁ ይባረክ። ከዚያ ስዊቹን በዚያ በሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ መልሶ ያስራል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከቀለም ቤት የወጡ መኪኖች መብራት አልበራ ብሏቸው ወደ እኔ ሲመጡ ስንት ዓመቴ! ባለቤቶቹ ሁሉ የሚሉት አንድ ነው። «ስትገባ ይበራ ነበር።»

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። የሾፌሩን በር ክፈቺ። ማጠፊያዎቹ ባሉበት ቋሚ ላይ ያችን ትንሽ ስዊች ታገኛለሽ። ብሎኗን ፍቺና ስዊቹን ቀስ ብለሽ ወደ ራስሽ ሳቢ። ሽቦውን ከመንቀልሽ በፊት ግን ክር እሰሪበት። የልብስ ስፌት ክር ይበቃል። ልጅ ሆኜ፣ ለገሃር አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ስማር፣ ይህን ያላደረግኩበት ቀን አለ። ሽቦው ከእጄ አምልጦ ቋሚው ውስጥ ገባ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት በታጠፈ ሽቦ እንደ ዓሣ አጥማጅ ስጎለጉል ዋልኩ። አለቃዬ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሻይ እየጠጣ ያየኝ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽቦውን ነቅለሽ ጫፉን ቀለም በሌለው ብረት ላይ አስነኪው። የበሩ ማጠፊያ ፒን ወይም የሌላ ብሎን አናት ይሆናል። አትፍሪ፣ ሾርት አያደርግም። ኃይሉ እዚያ የሚደርሰው በአምፑሉ ውስጥ አልፎ ነው። መብራቱ ከበራ ሽቦሽ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የስዊቹ ወይም የመቀመጫው ነው። ካልበራ ሽቦው መንገድ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ያኔ ብቻ ስለ ሽቦ እናወራለን። የእኔ ግምት ይበራል ነው።

ከበራልሽ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ውሰጂ። የስዊቹን ጀርባ፣ የብሎኗን ጥርስና ብሎኗ የምትገባበትን ቀዳዳ ዙሪያ ብረቱ ነጭ እስኪል ፈግፊጊ። ብዙ አይደለም፣ ስዊቹ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ። ቀለምሽ አይበላሽም፣ አይታይም። ብረቱ ራቁቱን ከቀረ ግን በሚቀጥለው ክረምት ይዝጋል። ስለዚህ ካሰርሽው በኋላ ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቢው። የፊት ቫዝሊን ይበቃል። ጣቷ ገብታ የማትወጣ ከሆነች ስዊቹ አልቆለታል። አሮጌውን ይዘሽ ሶማሌ ተራ ሂጂና አመሳስለሽ ግዢ። «የቮልስ የበር ስዊች» ብቻ ብለሽ ብትጠይቂ የሌላ መኪና ይሰጡሻል።

የሽቦው ቀለም ነገርም አለ። ጀርመኖቹ ለማሳ የሚጠቀሙት ቡናማ ሽቦ ነው። ቤት ውስጥ በምንዘረጋው መስመር ደግሞ ቡናማ ፌዝ ነው። የቤት መስመር የለመደ ልጅ ቮልስ ውስጥ ቡናማ ሽቦ ሲያይ ኃይል ያለበት መስሎት ስንት ነገር ያበላሻል! ግራ ከተጋባሽ ቀለሙን ተይና የሶኬቶቹን ቁጥር እይ። የጀርመን መኪና ላይ 30 ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ ኃይል ነው፣ 15 በቁልፍ የሚከፈት ነው፣ 31 ማሳ ነው።

ወደ ቀኝ በር እንምጣ። ኮረኮንች ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው እሱ ይመስለኛል። የግራው ማሳ ስለማያገኝ ሊያበራ አይችልምና። የቀኙን በር ክፈቺ፣ መብራቱ ይበራል። የስዊቹን ጣት በአውራ ጣትሽ እስከ መጨረሻው ተጫኚ። ከጠፋ ስዊቹ ጤነኛ ነው፣ በሩ ነው በደንብ የማይጫነው። የዕድሜዋን ያህል የተከፈተ የተዘጋ በር ማጠፊያው ይበላና ዝቅ ይላል። የበሩን እጀታ ይዘሽ ወደ ላይ አንሺው፤ ከተንቀሳቀሰ አልቋል። ማጠፊያው እስኪሠራ ድረስ ከአሮጌ ከመነዳሪ አምስት ሳንቲም የምታህል ጎማ ቆርጠሽ፣ ጣቷ በምታርፍበት የበሩ ብረት ላይ በማስቲሽ ለጥፊ። ስትጫኚው ካልጠፋ ደግሞ ሽቦውን ከስዊቹ ንቀዪ። አሁንም ከበራ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ይነካል ማለት ነው። እሱን ባለሙያ ይፈልገው።

የባትሪሽ ገዳይም ይኸው የቀኝ በር ነው። አምፑሏ 10 ዋት ናት፤ በ12 ቮልት 0.8 አምፔር ገደማ ትበላለች። ከቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት 37 ሰዓት ነው። አባዢው፣ 30 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ፋብሪካው ለቮልስ ያሰበላት ባትሪ ደግሞ 36 ነው። ምን ይተርፍሻል? መኪናዋ ሸራ ለብሳ ነው የምታድረው ብለሻል። ሸራ ውስጥ የሚበራን መብራት ማን ያያል? ዛሬውኑ፣ ምንም ከመፍታትሽ በፊት፣ መብራቱ ላይ ያለችውን ማብሪያ ወደ ማጥፊያው ግፊያት። ሦስት ቦታ አላት። አንዱ ሁሌ የሚበራበት፣ አንዱ በበር የሚበራበት፣ አንዱ ጨርሶ የሚጠፋበት ነው። ሳትታይ ሃምሳ ዓመት የምትኖር ማብሪያ ናት።

ባትሪ ቀየርኩ ስትዪ ደንገጥ አልኩ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወንበሩ የብረት ሞላ ነው። ከፍ ያለ ባትሪ ከተገጠመና ክዳኑ ከሌለ፣ ወፈር ያለ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል። የአንድ ደንበኛዬ ወንበር ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መጨስ ጀምሮ፣ ኋላ የተቀመጡት አማቱ ነጠላቸውን ጥለው ወርደዋል። ሰው አልተጎዳም። አማትየው ግን እስከ ዛሬ ቮልስ አይገቡም። ወንበሩን አንሺና እዪ። ክዳን ከሌለ ቢያንስ ወፍራም ጎማ አልብሺው፤ ባትሪውም በማሰሪያው መታሰሩን አረጋግጪ።

በመጨረሻ ያንን የሲጋራ ወረቀት። ሳትውዪ ሳታድሪ አውጪው። ፊውዝ ራሱን ሠውቶ ሽቦውን የሚያድን ነገር ነው። ወረቀቱ ካልቀለጠ የሚቀልጠው ሽቦው ነው፤ ሽቦው ያለው ደግሞ ከጣሪያው ጨርቅ በላይ ነው። የቮልስ ፊውዝ እንደ ትንሽ ጥይት ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። ነጩ 8 አምፔር ነው፣ ቀዩ 16። በቦታው ነጭ ከነበረ ነጭ፣ ቀይ ከነበረ ቀይ መልሺ። ፊውዙ ሳይቃጠል ግንኙነት የሚያጣበትም ጊዜ አለ። በጣትሽ በቦታው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሽከርክሪው፤ የያዘው ዝገት ይላጣል። ምናልባት ሰውዬውን ወደ ወረቀት የወሰደውም ይኸው ይሆናል።

ጥያቄ

ፔጆ 504 አለኝ። ልጄ የውስጥ አምፑሉን በኤልኢዲ ቀየረልኝ። አሁን በሩ ተዘግቶ እንኳን ደብዘዝ ብሎ ይበራል። አምፑሉ ብልሽት አለበት?

ጡረተኛው፣ ከካዛንቺስ

መልስ

አምፑሉ ደህና ነው፤ እንዲያውም ሰላይ ሆኖልዎታል። ኤልኢዲ በጣም ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። የበሩ ስዊች ውስጥ እርጥበትና ቆሻሻ ሲገባ ጥቂት ኃይል ያሾልካል። አሮጌው ባለ ክር አምፑል በዚያች ጠብታ አይበራም ነበር፣ ስለዚህ አላዩትም። ስዊቾቹን አውጥተው በቤንዚን ይጠቡና በደንብ ያድርቋቸው። ሁሉንም በር ዘግተው አንድ በአንድ ሽቦ ቢነቅሉ የሚያሾልከውን ይለዩታል፤ መብራቱ ድርግም የሚለው እሱ ሲነቀል ነው። ደግሞ ለልጅዎ ይንገሩልኝ፤ እንደገና ሲገጥመው ጨርሶ ካልበራ አይጣለው፣ ገልብጦ ያስገባው። ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይለያል።