አባጨጓሬውና የእሳት እራቱ የአንድ ዝርያ አይደሉም

ጤና ይስጥልኝ። ብራዚል ውስጥ ቤሌም ከተማ ያነሷቸውን ሁለት ፎቶዎች ተመልክቻለሁ። በግቢዎ የፍራንጂፓኒ ዛፍ ላይ የሰፈሩት ባለ ቢጫ መስመር ጥቁር አባጨጓሬዎችና ግድግዳው ላይ ያረፈው ግራጫ የእሳት እራት የአንድ ዝርያ ሁለት የእድገት ደረጃዎች መሆናቸውን ጠይቀዋል። እኔ እንደማየው አይደሉም።

አባጨጓሬው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1771 እ.ኤ.አ. የሰየመው ፕሴውዶስፊንክስ ቴትሪዮ የተባለ የእሳት እራት እጭ ነው። ሰውነቱ እንደ ከፋይ የጠቆረ ሆኖ በየአንጓው ቢጫ ቀለበት ዞሮታል፤ ራሱና እግሮቹ ቀይ ብርቱካናማ ሲሆኑ፣ ከጀርባው ጫፍ ካለው ቀላ ያለ ጉብታ ላይ ቀጭንና ተጣጣፊ ጥቁር ቀንድ ይነሳል። ሙሉ በሙሉ ሲያድግ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህን ዝርያ ደጋግሜ ስላሳደግሁት፣ ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው ይህ ደረጃ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

አስቸጋሪው ጉልምሱ፣ ማለትም ክንፍ ያወጣው የእሳት እራት ነው፤ ቴትሪዮ በሚመደብበት ቤተሰብ ውስጥ ግራጫ የሆኑ የእሳት እራቶች ብዙ ናቸውና። ስለዚህ የፊተኛውን ክንፍ ትተው የኋለኛውን ይመልከቱ። የቴትሪዮ የኋላ ክንፍ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ክንፎቹ ሲዘረጉም ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። የእርስዎ የእሳት እራት ግን በከፊል የተገለጠው የኋላ ክንፉ ጥቁር ጠርዝ ያለው ብርቱካናማ ነው፤ ከበሩ እጀታ አንጻር ሲታይም አነስተኛ ነው። ግምቴ ኤሪኒስ ኤሎ የተባለው ሌላ ዝርያ ነው፤ የእሱ አባጨጓሬ በደቡብ አሜሪካ የታወቀ የካሳቫ ተባይ ስለሆነ በአካባቢዎ ካሳቫ ካለ እዚያ ይፈልጉት።

የቴትሪዮን ሌሎች ደረጃዎች ማየት ከፈለጉ፣ እንስቷ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ እንቁላሎቿን በአንድ ቦታ አከማችታ ስለምትጥል ቅጠሎቹን ይመርምሩ። ያደገው አባጨጓሬ ከዛፉ ወርዶ በረገፉ ቅጠሎች መካከል ወደ ቀይ ቡናማ ሙሽሬ (በአባጨጓሬና በጉልምስ መካከል ወዳለው የማይመገብ ደረጃ) ይለወጣል፤ የሐር ጎጆ ግን አይሠራም። በሣጥን የሚያሳድጉ ከሆነ ከሥሩ ደረቅ ቅጠል ያንጥፉለት።

ስለ አደጋው ለጠየቁት፣ ደማቅ ቀለሙ አዳኞችን የሚያስጠነቅቅ ሲሆን የሚመገበው ዛፍ ነጭ ወተትም መርዛማ ነው። ሲነካ ራሱን እያወራጨ ሊነክስ ስለሚሞክርና ጠጉሩ ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል በባዶ እጅ አለመያዝ ይመረጣል። ዛፉን መለመላውን ቢያስቀረውም አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣልና፣ መድኃኒት መርጨት አስፈላጊ ሆኖ አላየሁትም።

የእሳት እራቱን ጀርባና ሁለቱንም የኋላ ክንፎች የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ካገኙ ይለጥፉት፤ ግምቴን ያኔ አረጋግጣለሁ።