«ይምጣ» ወይስ «ይምጡ»? ስለ አሰልጣኝ ሲከራከሩ

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ከሥራ በኋላ በምንሰበሰብባት ሻይ ቤት የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች እንበዛለን። ቀጣዩ አሰልጣኝ ማን ይሁን በሚለው ስንሟገት አንድ ወጣት «ዚዳን ይምጣ፤ ሰር አሌክስ ፈርጉሰንም ይምከረው» አለ። በዕድሜ የገፉ ደጋፊ «እኩዮችህ ናቸው እንዴ? ይምጡ፣ ይምከሩ በል እንጂ!» ብለው ተቆጡት። ወጣቱም «ይምጡ ካልኩ ስንት ሰው እንደጠራሁ በምን ይታወቃል?» ሲል መለሰ። ትክክሉ የማን ነው? ለከተማችን ክለብ አመራርም ስለ አሰልጣኝ ሹመት ደብዳቤ ልንጽፍ ስለሆነ ምክርዎን እንሻለን።

መልስ፦ ሽማግሌው በሰር አሌክስ ላይ ትክክል ናቸው፤ በዚዳን ላይ ግን ወጣቱን የሚያስቆጣ ጥፋት አላገኘሁም። የአማርኛ ግስ በተራውና በአክብሮቱ መልክ መካከል የሚመርጠው የሰውየውን ዕድሜ ብቻ ቆጥሮ ሳይሆን፣ ተናጋሪው ከሰውየው ጋር ያለውን ቅርበትና ስሙ የተጠራበትን አኳኋን አይቶ ጭምር ነው። ልጅ «አባባ መጣ» ይላል፤ ታናሽ ታላቁን «ጋሼ ጠራኝ» ይላል፤ ምእመንም ፈጣሪውን «አንተ» ብሎ ይለምናል፤ ከእነዚህ አንዱንም ደፋር የሚለው የለም።

ስሙ በማዕረግ ሲጠራ ግን ማዕረጉ ግሱን ይጎትተዋል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ያለፉትን ንጉሥ «ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ» እንላለን፤ «ዐፄ ቴዎድሮስ ራሱን ሠዋ» ጆሮ ይቆረቁራል። ያው ሰው «መይሳው ካሳ» ሲባል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ «መይሳው ካሳ ራሳቸውን ሠዉ» የሚል ፎካሪ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ደሴ ላይ አይጠየፍ የተባለውን አዳራሽ ያሠሩትም «ንጉሥ ሚካኤል» ተብለው እስከ ተጠሩ ድረስ «አሠሩ» እንጂ «አሠራ» አይባሉም። ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት «ሰር» የተሰኘው ማዕረግ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። ስለዚህ ወይ «ሰር አሌክስ ይምከሩት» ወይ «ፈርጉሰን ይምከረው» ማለት ይገባ ነበር፤ ወጣቱ ማዕረጉን ከአንደኛው፣ ግሱን ከሌላኛው ወስዶ ቀላቅሏል። ከዚህ የከፋው በየዕለቱ የምንሰማው «እሱ ቢመጡ ቡድኑን ያስተካክለዋል» ዓይነቱ አነጋገር ነው፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድን ሰው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ማድረግ በየትኛውም ወግ አይደገፍም።

ዚዳን ያለ ማዕረግ፣ በስሙ ብቻ የተጠራ ዝነኛ ነው። ሪያል ማድሪድን ይዞ ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ሦስት የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫዎችን በተከታታይ ማንሳቱ ክብሩን ይጨምረዋል እንጂ ሰዋስዉን አይለውጠውም። ቋንቋው ራሱ ለዚህ ምስክር አለው። በወሎ «አንቱ» ዛሬም ሽማግሌ ፊት ለፊት የሚጠራበት ሕያው ቃል ነው፤ ሆኖም ታላቅነትን ስንመሰክር «አንቱ የተባለ አሰልጣኝ ይምጣልን» እንላለን። «አንቱ» መባሉን እየመሰከርን ግሱን «የተባለ» እና «ይምጣልን» ብለን በተራው መልክ እንተወዋለን፤ ይህንንም ስንል ማንንም ያቃለልን አይመስለንም።

«አሰልጣኝ» የሚለው መጠሪያ በመካከል ይቆማል፤ በስፖርት ዜና «አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ተናገረ» የሚልም «ተናገሩ» የሚልም ይገኛል። እኔ ለጽሑፍ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ቡድን ያሰለጠኑትን ይድነቃቸው ተሰማን፣ ወይም በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ ወደዚያው መድረክ የመለሱትን ሰውነት ቢሻውን «አሰልጣኝ» ብሎ ጀምሮ «አለ» ብሎ መጨረስ፣ ስሕተት ባይሆን እንኳ ጎርባጣ ነው።

«ስንት ሰው እንደጠራሁ በምን ይታወቃል?» የሚለው የወጣቱ መከራከሪያ ግን ጠንካራ ነው። «ይምጡ» ሦስት ፊት አለው፤ ለተከበረ አንድ ሰው፣ ለብዙ ሰዎች፣ እንዲሁም ፊት ለፊታችን ላለው «እርስዎ» ይሆናል። ሻይ ቤቱ በር ላይ የቆመ እንግዳ «ይምጡ!» የሚለውን ቢሰማ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ይሆናል። ቀላል የማይሆነው በደብዳቤ ላይ ነው፤ «ያጨናቸው አሰልጣኝ ይምጡ» ብትሉ አመራሩ አንድ ሰው እንዳጫችሁ ወይም ሦስት ሰዎች እንዳጫችሁ ሊያውቅ አይችልም፤ ምክንያቱም «አሰልጣኝ» የብዙ ምልክት ባይኖረውም እንደ «ሰው» ሁሉ ለብዙም ሊያገለግል ይችላል። መፍትሔው አክብሮቱን መተው ሳይሆን ቁጥሩን በሌላ ቃል ማሰር ነው፤ ስሙን መጻፍ፣ «አንድ» ማለት፣ ብዙ ከሆኑ «አሰልጣኞች» ማለት፣ ወይም «እሳቸው»ን ከ«እነሱ» ለይቶ ማስገባት ይበቃል።

ስለ ተሰናባቹ አሰልጣኝም አንድ ነገር ልጨምር። ደጋፊ ሲናደድ «አዲሱ ይምጣ፤ እሳቸው ይሂዱልን» ሲል ይሰማል። እዚህ ላይ «እሳቸው» አክብሮት አይደለም፤ ወዳጅ ከወዳጁ ሲቀየም በድንገት «አንቱ» እንደሚለው ሁሉ ማራቂያ ነው። በደብዳቤያችሁ ላይ የሚሄደውንም የሚመጣውንም በአንድ መልክ ጥሩ፤ አለዚያ ጎምቱ አንባቢ ሽሙጡን ያነበዋል።

በመጨረሻም «አሰልጣኝ እገሌ እንዲሾሙልን እንጠይቃለን» ስትሉ ተጠንቀቁ። ጽሕፈታችን የድምፅ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «እንዲሾሙልን» ሲላላ አመራሩ ሿሚ፣ ሲጠብቅ አሰልጣኙ ተሿሚ ይሆናል፤ ሲነበብ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሿሚው አመራሩ መሆኑን ለማሳየት «አሰልጣኝ እገሌን እንዲሾሙልን» ብላችሁ «ን»ን ጨምሩ፤ ተሿሚውን ለማስቀደም ከፈለጋችሁ ደግሞ «አሰልጣኝ እገሌ በአመራሩ እንዲሾሙልን» በሉ።