መጥረጊያው ከተንጫጫ መጀመሪያ እጠበው

ወንድሜ፣ የኮሮላህ የዝናብ መጥረጊያ ክረምቱ ሲገባ መንጫጫትና መስታወቱ ላይ መስመር መተው ጀመረ ብለሃል። የተለመደ ነው። በጋውን ሙሉ ፀሐይና አቧራ ጎማውን ሲያደርቁት ከርመዋል።

ገና አዲስ አትግዛ። የፊት መስታወቱን በሳሙና እጠብ፤ ቅባት ካለበት አዲሱም ይንጫጫል። ከዚያ የጎማውን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ ጨርቁ መጥቆሩን እስኪተው ድረስ። ቤንዚን እንዳታስነካው፣ ጎማውን ይበላዋል። ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ግን መቀየር ነው።

ስትገዛ ሁለቱንም ለካ። የሹፌሩ በኩል ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ስትቀይር ደግሞ አደራ፣ መስታወቱ ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፍ! መጥረጊያውን የሚይዘው የብረት ክንድ ባለ ስፕሪንግ ነው፤ መጥረጊያው ወልቆ ሳለ ከእጅህ ካመለጠ መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። የመጥረጊያ ዋጋ የት፣ የመስታወት ዋጋ የት!

ክንዱን አንሳ። መጥረጊያው መሃል፣ ከክንዱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ተጫንና መጥረጊያውን ወደ ክንዱ ግርጌ ገፋ አድርገህ አውጣ። አዲሱን በተቃራኒው ሳበው፤ «ቀጭ» ካለ ገብቷል። ክንዱን በቀስታ መልሰህ፣ ውሃ ረጭተህ ሞክረው። በደረቅ መስታወት ላይ ግን እንዳታስነሳው።