ጋላክቶሴሚያ ያለበት ልጅ ሲላክላችሁ፦ ለወጣት የንግግር ባለሙያዎችና መምህራን

ውድ ወጣቶች፣

ጋላክቶሴሚያ እምብዛም የማይገኝ በሽታ ነው። አዲስ የሚወለዱ ሕፃናት በሚመረመሩባቸው ብዙ አገሮች ከ30,000 እስከ 60,000 ልጆች ውስጥ በአንዱ ላይ ይገኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ሲላክላችሁ ፋይሉን ይዛችሁ ግራ መጋባታችሁ አይቀርም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ቀን ነው።

የወተት ስኳር፣ ማለትም ላክቶስ፣ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ግሉኮስና ጋላክቶስ ይሆናል። ሰውነት ጋላክቶስን እንዲጠቀምበት ጋልት የሚባል ኢንዛይም ያስፈልገዋል፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ኢንዛይሙ የላቸውም፣ ቢኖራቸውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሕፃኑ ጡት በጠባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ይሆናል፣ ጉበቱ ይጎዳል፣ ወተቱ ካልቆመም ሊሞት ይችላል። በአኩሪ አተር በተሠራ የሕፃናት ምግብ ሲተካለት ግን ቶሎ ያገግማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። አመጋገቡ ሕይወት ያድናል እንጂ ለንግግር ዋስትና አይሆንም። ወተት ገና በመጀመሪያው ሳምንት የተቋረጠለት ልጅ እንኳ አፉን ዘግይቶ ሊፈታ፣ ትምህርት ቤት ሲገባም ንባብ ሊያስቸግረው ይችላል። አንዱ ምክንያት ሰውነት ራሱ ጋላክቶስ ማምረቱ ነው፤ ያንን የሚያስቆም አመጋገብ የለም። ስለዚህ እናትየዋን «ምን አብልተሽው ነው?» ብላችሁ አትጠይቋት። ያለ ጥፋቷ ከመክሰስ በቀር የሚያስገኝላችሁ ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ንግግርና ቋንቋ ከ7 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በ2፣ በ3 እና በ5 ዓመት እንዲመረመር ይመክራል። ሰባት ወር አይፈጥንም ወይ ለሚሉ፣ ሕፃኑ «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» እያለ ድምፅ መደጋገም የሚጀምረው በዚያው አካባቢ ነው። ዝም የሚል ወይም አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሕፃን ክትትል ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ጆሮው ይመርመር፤ የዓይን ሞራም ከበሽታው ጋር ስለሚመጣ ንባብ ከመገምገማችሁ በፊት ዓይኑ መታየቱን አረጋግጡ።

በእነዚህ ልጆች ላይ ጎልቶ የሚታየው የንግግር አፕራክሲያ ነው። ጡንቻው አልደከመም፤ ችግሩ አንጎል የምላስንና የከንፈርን እንቅስቃሴ በቅደም ተከተል ለማቀድ መቸገሩ ነው። ለመለየት ልጁ አንድ ረዘም ያለ ቃል አምስት ጊዜ እንዲል አድርጉ። «መስኮት» የሚለውን አንዴ «መኮስት»፣ አንዴ «መኮት»፣ አንዴ «መቶስክ» ካለው፣ ስሕተቱም በየጊዜው ከተለዋወጠ፣ አፕራክሲያን ጠርጥሩ። ሁልጊዜ «መትኮት» ብቻ ካለ ግን የአንድ ድምፅ ችግር ሊሆን ስለሚችል ሕክምናውም ሌላ ነው።

ሕክምናው ድግግሞሽ ይፈልጋል። በሳምንት አንድ ረጅም ቀጠሮ ከመስጠት ሦስት አራት አጫጭር ይሻላል። ከአምስት ወይም ከስድስት የማይበልጡ፣ ልጁ በየቀኑ የሚፈልጋቸውን ቃላት ምረጡ። መጀመሪያ ፊታችሁን እያየ አብራችሁት ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ቀጥሎ እናንተ ትላላችሁ፣ እሱ ይከተላል፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ይድገም፤ በመጨረሻ ለጥያቄ መልስ አድርጎ ይጠቀምበት። ሲያቅተው አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ቃሉን ግን ቆራርጣችሁ አታስተምሩት፤ የሚቸግረው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መሻገሩ ስለሆነ መሻገሪያውን ራሱን ነው ማለማመድ ያለባችሁ። ሻማ ማስነፋት፣ ምላስ ማስወጣትና ማስገባት የመሳሰለው ልምምድ ንግግር አያመጣም። ጊዜያችሁን አትፍጁበት። ሥዕል እያመለከተ የሚፈልገውን የሚገልጽበት የሥዕል ሰሌዳ ግን ስጡት፤ ወላጆች እንደሚፈሩት ልጁን ከመናገር አያሰንፈውም።

ንባብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጮክ ብሎ ሲያነብ የተሳሳተ ልጅ ማንበብ ያልቻለ ይመስላል። አራት ቃላት ጽፋችሁ አንዱን ጥሩና በጣቱ ያሳያችሁ። በትክክል ካመለከተ የከበደው ማንበቡ ሳይሆን ቃሉን በአፉ ማውጣቱ ነው። ካላመለከተ ደግሞ አንድ አጭር ምንባብ እናንተው አንብቡለትና ጥያቄውን በሥዕል ይመልስ። የሰማውን ከተረዳ ችግሩ ፊደልና ድምፅን ማገናኘት ላይ ነው፤ የሰማውም ካልገባው የቃላትና የሰዋስው ድክመት አለበት ማለት ነው፤ ፊደል ማስቆጠር ብቻውን አይፈታውም። በፊደላችን አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተጣብቆ ስለሚጻፍ፣ አናባቢ በአፉ የሚያምታታ ልጅ «ቡ»ንና «ቦ»ን ሲጽፍም ሊያምታታ ይችላል። እነዚህን ጥንዶች እየሰማ፣ እያመለከተ፣ ከዚያ እየጻፈ ይለማመድ።

አንዳንዶቹ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቃል ከማጻፋችሁ በፊት ያንኑ ጽሑፍ አይቶ እንዲገለብጥ አድርጉ፤ መገልበጡም ከዘገየና ከተንቀጠቀጠ ችግሩ እጁ ነው፣ የፊደል ዕውቀቱን በሌላ መንገድ ፈትኑ። የአእምሮ ችሎታውንም በቃል መልስ ብቻ አትለኩ፤ ውጤቱ ካለው ችሎታ በታች ያሳየዋል። ፈጣን ልጆች ስላልሆኑ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጣቸው ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ።

ንግግሩ ጠርቶ ሰው ሁሉ ሲረዳው ፋይሉን ለመዝጋት ትቸኩላላችሁ። አትዝጉት። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሲደርስ፣ መጻሕፍቱ ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ሲይዙ፣ እንደገና ጥሩት። የሰማውን ታሪክ መልሶ ይንገራችሁ፤ ቃል ፍለጋ ስንቴ እንደሚያቆም፣ «እሱ ነገር» የሚለው ስንቴ እንደሆነ ቁጠሩና ካለፈው መዝገባችሁ ጋር አስተያዩት።